ምርቃት ያለፈው እጅ

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ ጋሽ ሀብተየስ፣ የተጠየቁትን በቀጥታ ሳይመልሱ።

ጠያቂዋ አስካለ ናት፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል የቆዳ ቦርሳ ትሰፋለች። ስፌቷ እንከን አይወጣለትም። ግን በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ የውጭ አገር ምልክት እየለጠፈች «ከጣሊያን የመጣ ነው» ብላ ትሸጣለች። የዚያን ቀን ጠዋት መጥታ፣ «ጋሼ፣ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› ማለት ትዕቢት አይሆንብኝም? ዝም ማለቱ ትሕትና ይመስለኛል፤» አለቻቸው። ጋሽ ሀብተየስ አርባ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተጠይቀው ቶሎ መልስ መስጠት አይወዱም። ቁጭ በይ አሏትና ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው መዝገብ ቤት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ለጻፈው ደብዳቤ ቁጥር ሲሰጥ፣ ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ፋይል ሲያቀርብ ኖረ። ክፉ ሥራ አይደለም። ብቻ ቤቱ ሲገባ «ዛሬ ይህን ሠራሁ» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

የዚህ ሰው ልብ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽቦ ላይ ነበር። በአሥር ዓመቱ የቤቱን ሬዲዮ ፈታታና አባቱ ገረፉት። የገረፉት ሬዲዮውን ስላበላሸ እንዳይመስልሽ፤ መልሶ ገጥሞት እንደ ድሮው እየተናገረ ነበር። የገረፉት ካቻቪቴ ይዞ ስላዩት ነው። አባትየው የትልቅ ሰው ዘር ነኝ የሚሉ፣ ርስት የነበራቸው ሰው ነበሩ። በእሳቸው አገር ብረት የነካ ሰው ቀጥቃጭ ይባላል፤ ሸክላ የሚሠራውም፣ ቆዳ የሚያለፋውም የየራሱ ስም ይወጣለታል። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝተው ያርሱበታል፤ ከሰውየው ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርቡም። የእኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ በሠሪው ሥራ ይኖራል፣ ሠሪውን ግን ይንቃል። «የቀጥቃጭ ልጅ አታስመስለኝ!» አሉት። ልጁም ካቻቪቴውን አስቀመጠ፤ ሲያድግ ብዕር ያዘ።

ዓመታት አለፉ። አባትየው አርጅተው ከልጃቸው ቤት ገቡ። ጉልበታቸው ደህና፣ ዓይናቸው ደህና፤ ጆሯቸው ግን ከዳቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሁለት እኩዮቻቸው በረንዳው ላይ ይመጣሉ፤ አንዱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፣ ሌላው የቀድሞ ወታደር። ተቀምጠው የሰሙትን ዜና ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። አባትየው እነሱ ሲስቁ ይስቃሉ፤ ሁልጊዜ ግን ትንሽ ዘግይተው። ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉትም ጩኸት እንጂ ቃል አይለዩም፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ጎረቤት ያጉረመርማል። ሙዚቃ ሲባል ደግሞ ማሲንቆ ነፍሳቸው ነው። አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጠፋ እንዴ? ሬዲዮው ተወው መሰለኝ፤» አሉት። ሬዲዮው በዚያች ደቂቃ ማሲንቆ እያጫወተ ነበር። ልጅየው ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ባልደረባው ዕቃ አዘዘ።

ከሁለት ወር በኋላ ከውጭ አገር የተመለሰ ባልደረባው አንድ ካርቶን አመጣለት። አምፕሊፋየር ነው፤ ከሬዲዮ ጋር የሚያያዝ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት፣ ድምፅን አጥርቶ የሚያጎላ። ግን ተሠርቶ ያለቀ አልነበረም። ገዢው ራሱ እቤቱ እንዲገጥመው በየላስቲኩ የታሸገ ብትን ዕቃ ነው። አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች፣ ከባድ ትራንስፎርመር፣ ኤሌክትሪኩን የሚመጥኑ፣ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የሚበልጡ ባለቀለም ሬዚስተሮች፣ ዕቃዎቹ የሚበየዱበት ባዶ ቦርድና አንድ የመመሪያ መጽሐፍ። ያለቀለትን ማዘዝ ይችል ነበር። ብትኑን ያዘዘው አስቦበት ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

ስድስት ቅዳሜ ጓዳ ገብቶ ሠራ። በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው፤ የሃምሳ ዓመት ሰው አባቱን ፈርቶ! ሚስቱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳቀችበት፣ በሁለተኛው አጠገቡ ተቀመጠች። ምክንያቱም ሬዚስተሮቹ ላይ ያሉትን፣ መጠናቸውን የሚናገሩ የቀለም መስመሮች እሱ መለየት አቃተው፤ ቡናማውን ቀይ ይለዋል፣ ብርቱካኑን ቢጫ። እሷ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ናት፤ ቀለም አያመልጣትም። እሷ ቀለሙን ትጠራለች፣ እሱ ከመመሪያው ያመሳክራል፣ በፒንሳ ይይዛል፣ ይበይዳል። በአራተኛው ቅዳሜ የአንዱን ቱቦ መሰኪያ በቦርዱ በተሳሳተው ወገን በይዶት ተገኘ። ያን ቀን ሙሉ የመበየጃውን እርሳስ እያቀለጠ ሲነቅል ዋለ፤ ሁለት ጣቱንም ተቃጠለ። «ተወው በቃ» አላለችውም። እሱም አልተወውም።

በስድስተኛው ቅዳሜ ሶኬቱን ሰካ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ከታች ትንሽ ፍም የመሰለ ብርሃን ታየ፣ ቀስ እያለም ደመቀ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ማሲንቆ ነበር። ገመዱን ብቻ አይደለም የሰማው፤ ተጫዋቹ ግጥሙን ሊጥል ሲል የሚስበውን ትንፋሽ ሳይቀር ሰማ። ሰውየው ኮራ። እንዲያው በደፈናው ደስ አለው አልልሽም፤ ኮራ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልቀና ወገቡ የቀና መሰለው።

ወስዶ ለአባቱ አደረገላቸው። አባትየው መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግጥሙን ከተጫዋቹ ጋር እያሉት ነበር። እንባቸው በሪዛቸው ወረደ። ዘፈኑ ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቀው ያን ሳጥን አገላብጠው ያዩትና፣ «ማነው የሠራው?» አሉ።

እዚህ ላይ ሰውየው ተሸነፈ። አፉ ላይ የደረሰውን መልሶ ዋጠና፣ «ከውጭ የመጣ ነው አባባ፤» አለ።

«አዬ! እኛ አገርማ ማን ይሠራዋል!» አሉ አባትየው። ተነሥተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የሠራውን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው። ከክፉ ይሰውረው። የሚነካው ሁሉ ይለምለም!»

ልጅየው ቃጠሎው ያልዳነ ጣቱን ወደ ኋላው ደብቆ ቆሟል። አሜን ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣለትም። በኋላ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ፣ «ስድስት ቅዳሜ ደክመህ የአባትህን ምርቃት ስሙን ለማታውቀው ፈረንጅ ሰጠኸው፤» አለችው። እሱም፣ «ዋናው መስማታቸው ነው። ለምን ልመጻደቅ?» አላት። አየሽ፣ ልክ እንዳንቺ ትሕትና አደረገው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አባትየው የሰፈሩ ባለዜና ሆኑ። በረንዳው ላይ አሁን እነዚያ ሁለቱ ሳይስቁ የሚስቁት እሳቸው ናቸው። ያም አልበቃቸው፤ ዳኛውን «ና፣ የፈረንጅ ሥራ ምን እንደሚመስል ላሰማህ!» ብለው ቀጠሩት። ዳኛው መጣ፣ ወታደሩም መጣ። ማዳመጫውን ዳኛው ጆሮ ላይ አደረጉለት። ዳኛው ጥቂት አዳምጦ ፊቱን አጨማደደና አወለቀው። «ይሄማ ንብ ነው እንጂ ማሲንቆ አይደለም፤» አለ። አባትየው ነጥቀው ሰሙ። እውነትም ይጮኻል፤ ከዘፈኑ በላይ እዝዝዝ የሚል ድምፅ ሞልቶታል። ፊታቸው ጠቆረ። መዋረዳቸው ብቻ አይደለም፤ የጆሯቸው በር ተመልሶ ሲዘጋ ታያቸው።

«ወደ ሠሪው ይመለስ!» አሉ።

«ሠሪው ባሕር ማዶ ነው፤ ማን ያደርስልዎታል?» አለ ወታደሩ።

ልጅየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ቀላል መውጫ ነበረው። «ስጡኝ፣ ባለሙያ ዘንድ ልውሰደው» ብሎ ጓዳ ገብቶ ጠግኖ ማምጣት ይችላል። ማንም አያውቅም። አስቦትም ነበር። ግን ሲመሰገን የፈረንጅ የነበረው ሥራ አሁን ተበላሽቶ ሲሰደብ ጊዜ አንጀቱ አልቻለም፤ እንደ ልጄ የሆነ ሥራዬን ሲሰድቡብኝ ዝም ልበል ወይ አለ በልቡ። የመበየጃና የመለኪያ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣና በረንዳው ላይ፣ በሦስቱ ሽማግሌዎች መካከል ተቀመጠ።

«ሠሪው ቅርብ ነው አባባ፤» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አልሰማሁህም!»

ምን ያድርግ! «እኔ ነኝ የሠራሁት!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት መስኮት ከፍቶ አየ።

ልጅየው የሳጥኑን ብሎኖች ፈታ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ጥቁር ሽቦ ከሳጥኑ ብረት ጋር በመቆንጠጫ አያያዘ። ቀዩን በቀኝ እጁ ያዘ። ግራ እጁን ግን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተ።

ይሄኔ አባትየው ፈነዱ። «አንተ! ቀጥቃጭነትህ ሳያንስ በታላላቆች ፊት እጅህን ኪስህ ከተህ ትቀመጣለህ?»

ሰውየው ዓይኑን ከሥራው አላነሣም። እጁንም አላወጣም። አባቱ እንዲሰሙ አድርጎ፣ «ንቀት አይደለም አባባ፣ የሙያው ደንብ ነው። ይህ ሳጥን ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ሁለት እጅ ከነካው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱ በልብ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ እጅ ሲሠራ አንዱ ኪስ ይገባል!» አለ።

«ደንብ?» አሉ አባትየው።

«ደንብ።»

አባትየው ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሲያስከብሩ የኖሩ። ብረት የሚነካ ሰው ደንብ ይኖረዋል ብለው ግን አስበው አያውቁም። ወንበራቸውን አስጠግተው ማየት ጀመሩ።

ልጅየው አንድ በአንድ እየለካ ሄዶ አንዲት ሽቦ ላይ ቆመ። ‹የመሬት ሽቦ› የሚሏት፣ ጩኸቱን የምታጠፋው ናት፤ ብየዳዋ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከሥር ግን አልያዘም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤» አለ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም። «ሽቦው በደንብ ሳይግል እርሳሱን አፈሰስኩበት። ችኮላ ነው።» ሶኬቱን ነቀለ። ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሚቆይበት እጁን አጣጥፎ ጠበቀ፤ ሽማግሌዎቹም አብረውት ጠበቁ። በቴስተሩ ደግሞ ለክቶ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና እንደ ደንቡ በየደው። ሳጥኑን ገጠመ፤ መልሶ ሰካ። መስታወቶቹ ቀስ እያሉ ፍም መሰሉ።

አባትየው ማዳመጫውን አደረጉ። ጣታቸው የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመረ። ከዚያ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁን እንደማያውቀው፣ ሰፈር እስኪሰማ፣ «ዳኛው! ልጄ ነው የሠራው! የእኔ ልጅ!» ብለው ጮኹ። የልጃቸውን እጅ ስበው በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አሁንም በጩኸት መረቁት። በዚህኛው ምርቃት ላይ አሜን ያለው ራሱ ልጅየው ነው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባትየው ሳጥኑን እያሳዩ፣ «አንድ እጅ ኪስ ይገባል፤ ደንብ ነው፣ ደንብ!» እያሉ የሚያስረዱት ራሳቸው ሆኑ።

ጋሽ ሀብተየስ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ አስካለ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ‹እኔ ነኝ› ያለው መቼ ነው? ሲመሰገን አይደለም፤ ሲበላሽ ነው። ትዕቢተኛ ሰው ምርቃቱን ብቻ ይወስዳል፤ ብልሽቱ ሲመጣ የለም። የሚኮራ ሰው ግን ሁለቱንም የእኔ ነው ይላል። አንቺ ‹ከጣሊያን ነው› ስትዪ ትሕትና ይመስልሻል። ባለፈው ሰሞን ማንጠልጠያው የተበጠሰባት ሴትዮ ስትመጣ ግን ምን አልሻት?»

አስካለ አንገቷን ደፋች። «‹እነሱ ናቸው እንዲህ የሰፉት፣ እኔ ምን ላድርግ› አልኳት፤» አለች።

«ታዲያ የደበቅሽው ክብርሽን ብቻ አይደለም፤ ኃላፊነትሽንም ነው። በይ ተነሺ። ምልክቱን ቅደጂና ስምሽን ስፊበት። ገዢዋ ሲበጠስባት የማን በር እንደምታንኳኳ ታውቃለች፤ ሲያምርባትም ማንን እንደምትመርቅ።»