የቀን እንቅልፍና የአንጓች ልጅ

ኑ ተጠጉ፣ ልጆች። አንተ ደግሞ አታዛጋ፤ ተረቱ ስለ እንቅልፍ ነው ተብሎ መተኛት የለም።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ትዕግሥተኛ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው፣ ደረቷ ግን በሽተኛ። ባሏ ሞቶባት የቀራት አንድ ጡት ያልጣለ ልጅ ነው። ሐዘኔን ያስረሳኝ ብላ ማስረሻ አለችው።

በዚያ ዘመን እንቅልፎች ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ የሌሊት እንቅልፍ ከባድ ነው፤ ከተቀመጠ አይነሳም። ታናሹ የቀን እንቅልፍ ዓይን አፋር ነው፤ እንደ ባይተዋር እንግዳ ደጅ ደጁን ያያል።

ማስረሻ ቀን ቀን የሚተኛው በእናቱ ጀርባ ላይ፣ በአንቀልባ ብቻ ነበር። አውርዳ መደብ ላይ ስታስተኛው፣ እንዝርቷን ገና ሳታሾር ይነቃል። ያለቅሳል፣ ታዝለዋለች፣ ይተኛል። ታወርደዋለች፣ ያለቅሳል።

ሕመሙ ሲጠናባት አንጓች ጎረቤቷን እማማ ደብሪቱን አስጠራች።

«እማማ፣ እኔ አልሰነብትም። ልጄን ያሳድጉልኝ።»

«እኔን ያስቀድመኝ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ባሳድገው ደስታዬ ነበር። ግን ካንቺ ጀርባ ሌላ አያውቅም፤ የእኔ ወገብ ደግሞ እንኳን ልጅ እኔንም አልቻለኝ። ቀኑን ሲያለቅስ የሚውል ሕፃን ምን ይሆናል? ይሞትብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

አንጓች የቀን እንቅልፍን ልትይዘው ተነሳች። መጀመሪያ ልጁን አስተኝታ በሩን ዘጋችበት። እንቅልፉ በስንጥቁ ሾልኮ ሄደ። ቀጥላ፣ ጫጫታ ይሆናል የሚያባርረው ብላ ዶሮዎቹን ከግቢ አስወጣች። አሁንም ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ ደጃፉ ላይ ተጋደመችና ሲወጣ የልብሱን ጫፍ ያዘችው።

«ምን በደልንህ? ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት ደግ ነው?»

«እኔ መቼ ሄድኩ?» አለ በሹክሹክታ። «መሃል ላይ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ልጅሽ ዓይኑን ገለጥ ያደርጋል። የተኛው ጀርባሽ ላይ ነበር፤ ራሱን መደብ ላይ ያገኘዋል። አንቺስ ቤትሽ ተኝተሽ ገበያ መሃል ብትነቂ አትጮሂም? ሲተኛ ያየውን ሲነቃ ካገኘው፣ እኔም ተመልሼ እገባለሁ።»

አንጓች የልብሱን ጫፍ ለቀቀች። እንግዲያ ልጇ ሲተኛ የሚያየው ነገር፣ እሷ ስትሞት እዚያው የሚቀር መሆን አለበት። ጀርባዋ ደግሞ አብሯት ይሄዳል። ይህን ስታውቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ዓይኑን ማሸት ሲጀምር፣ እንቅልፍ ሳይወስደው ገና፣ መደቡ ላይ ታስተኛዋለች። የእማማ ደብሪቱን ነጠላ ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ሰቀለችለት። እማማ ደብሪቱ አጠገቡ ተቀምጠው በጎርናና ድምፃቸው እሹሩሩ ይላሉ። እናቱ እግሩ ሥር ሆና ትፈትላለች። ሌላ ቀን ምሰሶው ጋ። ሌላ ቀን በሩ ጋ። ልጁ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ኋላም ለመደ።

አንዲት የመንደር ሴት «ጀርባዋን ለልጇ የነፈገች! ይቺም እናት ተብላ?» አለች። አንጓች እየሰማች እንዝርቷን አሾረች። አንቀልባውን ከሰቀለች ወዲህ ጀርባዋ ይበርዳት ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ አንጓች በሩ አጠገብ እንዝርቷን እንደያዘች አረፈች። ልጁ ተኝቷል።

ያ አገር ለቅሶ ያውቃል። ሰው ሲሞት ደረት ይደቃል፣ ተራራ እስኪመልስ ይጮሃል። ለቀስተኛው እየጮኸ ሲመጣ እማማ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ልጇን አስተኝታ ነው የሄደችው።»

መንደሩ ሁሉ አፉን በነጠላው ይዞ አለቀሰ። ያቺ ሐሜተኛዋ ሴት ነጠላዋን ነክሳ ተንሰቀሰቀች።

መሃል ላይ ማስረሻ ዓይኑን ገለጠ። ነጠላው አለ። እማማ ደብሪቱ አሉ፤ እንባቸው እየወረደ እሹሩሩ ይላሉ። ልጁም ዓይኑን መልሶ ከደነ። ያ ዓይን አፋር የቀን እንቅልፍም ቀባሪው እስኪመለስ ከመደቡ አልተነሳም።

ልጆቼ፣ አዝሎ መያዝ ፍቅር ነው። አውርዶ ማስለመድም ፍቅር ነው፤ ይኸኛው ግን እናትን ያማታል።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም፤ እናንተው ዘንድ ይደር። አሁን ቀስ ብላችሁ ውጡ። ያ ሲያዛጋ የነበረው ተኝቷል።