ተከፍተው ያልታዩት ቅጂዎች

አንድ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ባለሙያ ነበር። አበጋዝ ይባላል። ወርክሾፑ ደሴ ከተማ ውስጥ ነው፤ ደንበኞቹ ግን ከተንታም ከወረባቦም፣ አንዳንዴም ከአፋር በኩል ይመጡ ነበር። እጁ የተመሰገነ ነው። በሁለት ክራንች የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክርለታል። የማወራችሁ ስለ ሰነፍ ወይም ስለ ክፉ ሰው አይደለም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላናደደኝ ነበር።

የዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ልክ ማግኘት ነው። የተቆረጠው እግር የሚገባበት ቦታ ጥቂት ከጠበበ ያቆስላል፣ ጥቂት ከሰፋ ያስነክሳል። ስለዚህ ሰውየው ይለካል፣ እግሩ ይሠራለታል፣ ጥቂት ቀን ሄዶበት ይመለሳል፣ የቆሰለበት ቦታ ታይቶ እንደገና ይስተካከላል። አንዳንዱ በሁለተኛው ይሳካለታል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይመላለሳል። በመጨረሻ የተገኘው ልክ ከነቅርጹ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እግሩ ቢሰበርበት ወይም ቢያረጅበት ያንኑ ልክ አውጥቶ በሦስት ቀን ሌላ መሥራት ይቻላል።

አበጋዝ ይህ መረጃ ቢጠፋ ምን እንደሚከተል በደንብ ያውቅ ነበር። ስለዚህም በየቀኑ ሥራ ሊዘጋ ሲል የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲወሰድ አደረገ። አምስት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ» እያለ ጽፎ ለጠፈባቸውና ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። እንግዳ ሲመጣ ሳጥኑን ከፍቶ ያሳያል። «እኛ ጋ መረጃ አይጠፋም» ይላል።

ኮምፒውተሩን የምትይዘው ሰዓዳ የምትባል ባለሙያ ናት። ከተቀጠረች ገና አንድ ዓመት ተኩሏ ነው። የቅጂውን አሠራር ከእሷ በፊት የነበረው ሰው እንደተወው ነው የተረከበችው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ወደ አበጋዝ ቢሮ ገባች።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ግማሽ ቀንና አንድ ባዶ ኮምፒውተር ይስጡኝ» አለችው።

«ለምን?»

«ከነዚህ ቅጂዎች አንዱን ባዶው ላይ ልመልሰውና መረጃው በትክክል መምጣቱን ልየው።»

«ቅጂው በየቀኑ አይወሰድም እንዴ?»

«ይወሰዳል።»

«ሲያልቅ ምን ይላል?»

«"ተጠናቅቋል" ይላል።»

«ታዲያ ተጠናቅቋል ካለ ምን ቀረሽ?»

ሰዓዳ መጠናቀቁና ትክክል መሆኑ አንድ እንዳልሆነ ልታስረዳው ሞከረች። እሱ ግን ስልኩን እያየ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ደግማ ጠየቀችው። «ሰው በር ላይ ተሰልፎ እኔ ኮምፒውተር ይዤ ልጫወት?» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ተቆጣ። «ያልመጣ መከራ እየጠራሽ አታስደንግጪኝ፤ ቢመጣም መድኃኒቱ ሳጥኑ ውስጥ አለ» ብሎ አሰናበታት። አራተኛ አልጠየቀችም። ደከማት።

እዚህ ላይ በሁለቱም ነው የምበሳጨው። ቅጂ በተወሰደ ቁጥር የቅጂው መጠን ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ወርክሾፑ በየሳምንቱ አዳዲስ ሰዎችን ይለካል፤ መረጃው ማደግ ነበረበት። ቁጥሩ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ አልጨመረም። ሰኞ ያው ነው፣ ዓርብ ያው ነው፣ ከፋሲካ በፊትም ያው፣ ከፋሲካ በኋላም ያው ነው። ቁጥሩ ለሰዓዳ ፊት ለፊቷ ነበር። እሷ ግን «ተጠናቅቋል» የሚለውን ቃል ብቻ አይታ ዲስኩን ትነቅላለች። አበጋዝ ደግሞ ያንን ቃል እንኳ አያይም፤ እሱ የሚያየው ሳጥኑን ነው።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄደ። መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ሲመለስ በኃይል ነበር የተመለሰው። ዋናው ኮምፒውተር አልጨሰም፣ ድምፅም አላሰማም፤ ዝም ብሎ አልነሳ አለ። ሰዓዳ ፈታ አየችው። መረጃው ያለበት ዲስክ ተቃጥሏል።

አበጋዝ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሳጥኑን ከፈተና የትናንቱን ዲስክ አቀበላት።

«ይኸው፤ ነግሬሽ አልነበር?» አላት።

ሰዓዳ ሌላ ኮምፒውተር አዘጋጅታ ቅጂውን ትመልስ ጀመር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የደንበኞች ስም ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አበጋዝ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«በይ የመምህርት ትርንጎን ልክ አውጪልኝ። ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች።»

መምህርት ትርንጎ ተንታ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ናት። በመኪና አደጋ ቀኝ እግሯን ካጣች በኋላ ልኳ እስኪገኝ አሥራ አራት ወር ተመላልሳለች። ስድስት ጊዜ ተስተካክሎላታል። አሁን የክረምቱ ጭቃ አንሸራቷት ወድቃ ሰው ሠራሹ እግር ተሰንጥቆባት ነበር። ደውላ አበጋዝን ስትጠይቀው «ልክዎ እኛ ጋ አለ፤ ይምጡ፣ በሦስት ቀን ሌላ ይዘው ይሄዳሉ» ብሏታል።

ሰዓዳ ስሟን ጻፈች። የለም። አጻጻፉን ቀይራ ፈለገች። የለም። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ መጨረሻው አወረደችው። የመጨረሻው ሰው የተመዘገበበት ቀን ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ሌላውን ዲስክ ይስጡኝ» አለች። ድምፅዋ ተቀይሯል።

የማክሰኞው ያው ሆነ። የሰኞውም ያው። አምስቱንም አየቻቸው፤ አምስቱም ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወርክሾፑ አዲስ ፕሮግራም አስገብቶ ነበር። ያኔ መረጃው በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ተዛወረ። ቅጂ የሚወስደውን ፕሮግራም ግን ማንም አላስተካከለውም። እሱም በየቀኑ፣ አንድ ቀን ሳያስተጓጉል፣ አሮጌውን ቦታ ሲቀዳ ኖረ። ቀድቶም ሲጨርስ «ተጠናቅቋል» ይላል። አልዋሸም፤ የታዘዘውን ጨርሷል።

«የሁለት ዓመቱ የለም» አለች ሰዓዳ።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው? አምስት ዲስክ አይደለም እንዴ ያለው?»

«አምስቱም አንድ ናቸው፣ ጋሽ አበጋዝ።»

የተቃጠለውን ዲስክ አዲስ አበባ ላኩት። የሚያድነው ሰው አልተገኘም።

መምህርት ትርንጎ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። የተሰነጠቀውን እግር በሽቦና በጨርቅ አስራዋለች፤ ከመናኸሪያ እስከ ወርክሾፑ ስትመጣ ሁለት ቦታ ቆማ አርፋለች። አበጋዝ ሊዋሻት አልፈለገም። የሆነውን በሙሉ ነገራት። ከጨረሰ በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ አሳያት፤ ምን እንዲረዳው ብሎ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

«ሁሌም እንቀዳ ነበር፣ መምህርት። አንድ ቀን አላቋረጥንም» አላት።

እሷ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ከነዚህ ውስጥ አንዱን አውጥታችሁ ይሠራ እንደሆነ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?»

አበጋዝ ዞር ብሎ ሰዓዳን አያት። ሰዓዳ መሬት መሬቱን አየች።

«እኔ ልጆቼን "ገባችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም "አዎ" ይሉኛል» አለች መምህርት ትርንጎ። «"አዎ" ስላሉኝ ትምህርቱን ትቼ አልሄድም። አንዱን አስነስቼ ሰሌዳ ላይ አሠራዋለሁ። ያኔ ነው የማውቀው።»

ተቀምጣ እግሯን ለመለኪያ ሰጠች።

የተሰነጠቀው እግር ቅርጹ ተዛብቶ ልክ ስለማይወጣበት እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። የመጀመሪያው እግር በአራት ቀን አቆሰላት። ሁለተኛው ሌላ ቦታ አቆሰላት። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ቆማ ማስተማር አልቻለችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇ እስከሚደርስበት፣ የሰሌዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ እየጻፈችበት እስከ ኅዳር ድረስ አስተማረች። ልኳ የተገኘው ያኔ ነው።

እሷ ብቻ አይደለችም። በሁለቱ ዓመት የተለኩት ከሦስት መቶ በላይ ነበሩ። ስልካቸው ከደረሰኝ ቅሪት ላይ እየተፈለገ፣ እንደገና እንዲለኩ ለእያንዳንዳቸው ተደወለ። ስልኩ የማይሠራ አለ፣ አገር የለቀቀ አለ። አንድ ሽማግሌ እግራቸው ደህና ሆኖ ሳለ ለመለካት ብቻ የሁለት ቀን መንገድ መጥተው፣ «ባለፈው የለካችሁኝ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

አበጋዝ ከዚህ ምን ተማረ መሰላችሁ? በመስከረም መጀመሪያ አሥር አዲስ ዲስክና ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሳጥን ገዝቶ መጣ! ካርቶኑን ሰዓዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ከእንግዲህ ጠዋትም ማታም ይቀዳል» አላት። ያን ሁሉ ሰው አስለቅሶ የገባው ዲስክ እንደጎደለው ነው።

ሰዓዳ በሕይወቷ እንደዚያ ጮሃ አታውቅም።

«አሥር አይደለም መቶ ቢገዙ መቶ ባዶ ነገር ነው የምንይዘው! ዲስክ መቼ አነሰን? ያነሰን ማየት ነው! ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ቁጥሩን በየቀኑ እያየሁ አላየሁትም። አሁን ለአራተኛ ጊዜ እየጠየቅሁዎት ነው። እምቢ ካሉ ለዚህ ወንበር ሌላ ሰው ይፈልጉለት።»

አበጋዝ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፍቶ ተቀመጠ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አላት።

«ግማሽ ቀን። በወር አንዴ።»

«ግማሽ ቀን» አለ። ለዓመት ተኩል የከለከላት ይህንኑ ግማሽ ቀን መሆኑ ያኔ የታወሰው ይመስለኛል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እሺ። እኔም አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ወርክሾፑ ለደንበኛ ዝግ ሆነ። ሰዓዳ የዓርቡን ቅጂ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መለሰችው። ስሞቹ መጡ፤ ቀናቸውም የዚያው ሳምንት ነው። አበጋዝ ተነፈሰ። ከዚያ አንዱን ደንበኛ ከፈተችና የእግሩን ቅርጽ ለማየት ተጫነችው። ባዶ ሆነ። ሌላ ከፈተች፤ ባዶ። ቁጥሮቹ መጥተዋል፣ ቅርጾቹ ግን የሚቀመጡት ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለነበረ አልተቀዱም።

አበጋዝ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይኸው! ይህን ሁሉ ደክመን ደግሞ አልሠራም! ምን ዓይነት እርግማን ነው?»

ሰዓዳ ግን እየሳቀች ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ የታየችው ያን ቀን ነው።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ይቀመጡ። ዋናው ኮምፒውተር ደህና ነው። አንድም ሰው አልጠፋብንም። በር ላይ በሽቦ የታሰረ እግር ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ዛሬ አልሠራ ማለቱ እኮ ነው የምሥራቹ!»

የጎደለውን ፎልደር ጨመረችው። እንደገና ቀዳች፣ እንደገና መለሰች። ቅርጾቹ ሁሉ መጡ። ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ስለ እግርም ስለ ኮምፒውተርም ብቻ አይደለም። መጠንቀቅ የሚመስል ነገር ሁሉ ጥንቃቄ አይደለም። ቅጂ የሚወሰደው አንድ ቀን እንዲመለስ ነው፤ ተመልሶ ያልታየ ቅጂ ገና ቅጂ አልሆነም። አበጋዝን የጎዳው ግድየለሽነት አልነበረም፤ በየቀኑ ይደክም ነበር። የጎዳው ድካሙን እንደ ማረጋገጫ መቁጠሩ ነው። ሰዓዳን የጎዳት አለማወቅ አልነበረም፤ ታውቅ ነበር። የጎዳት ሲሰለቻት ዝም ማለቷ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነሱ አይደሉም፤ በግማሽ ሰሌዳ ያስተማረችው ሴት ናት።

እናንተስ? በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየክሊኒካችሁ፣ በየሱቃችሁ ያስቀመጣችሁትን ቅጂ ለመጨረሻ ጊዜ መልሳችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው? እባካችሁ «ይኖራል፣ ይቀዳል» አትበሉኝ። ቀኑን ንገሩኝ።