ጥቁር ወዙ የጠፋው ድንጋይ

አንድ ጢም በመላጨት ስሙ የተጠራ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሲሞት ሙያውን የያዘችው ልጁ ትርንጎ ናት። ምላጩን የሚስልበት፣ ከአያቱ የወረሰው ድንጋይ ግን ጠፋ። ዘመዶች ከሐዘኑ በኋላ ቤቱን ሲያጸዱ፣ የሟች ዕቃ ንጹሕ ይሁን ብለው ድንጋዩን በአመድ ፈተጉት። የሚታወቅበት ጥቁር ወዝ ለቀቀ። ከዚያ ማንም ስላልለየው ከአሮጌ ዕቃ ጋር ለነጋዴ ተሰጠ።

ያለዚያ ድንጋይ ምላጩ ዶለዶመ። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። ትርንጎ ድንጋዩን ፍለጋ ገበያ ላይ ወደሚነግደው ወደዚያ ነጋዴ ሄደች። እሱም አሥራ ሁለት ግራጫ ድንጋዮች ፊቷ ደረደረ።

«አንዱን ብቻ ውሰጂ። ከተሳሳትሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ» አላት። ወደ ገበያተኛው ዞሮም «ጢም የሌላት ጢም ላጪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል ሰዉ ሳቀ።

ትርንጎ በየድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። አሥሩ ውሃውን ጠጡት፤ በሁለቱ ላይ ቆመ። ምላጯን በሁለቱም ላይ ሳብ አደረገችው። በአንዱ ላይ ለጣቷ የሚሻክር ነገር ተሰማት። በሌላው ላይ ግን ስለቱ ድንጋዩን ለስለስ ብሎ ያዘው።

«ይሄ ነው» አለች።

የነጋዴው ዓይን በራ። «እንዲህ ያለ ድንጋይ ኖሮኝ ነው? መልሺ፣ አልሰጥም!»

«ቃልህስ የት ገባ፣ አንተ ሰው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ይተዉት አባባ» አለች ትርንጎ። ነጋዴውንም «ጋሼ፣ ፊትዎን ያዙሩ፤ ልደባልቀው። ውሃውም ምላጩም ይኸው። ከለዩት የእርስዎ ይሁን» አለችው።

ደባልቃ ስትጨርስ ነጋዴው ዞሮ እንዳየው አደረገ። ውሃ ጠብ አደረገ፤ ሁለት ድንጋዮች ቀሩለት። ምላጩን በአንዱ ሳበ፣ በሌላው ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ለእጁ ሁለቱም አንድ ሆኑበት። በመጨረሻ የሚያብረቀርቀውን አነሳ።

«እሱ ቢላ ይስላል፤ አይከፋም» አለች ትርንጎ፣ የራሷን እያነሳች።

እዚያው ምላጩን ሳለችው። ሽማግሌውም ከመንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «በይ ልጄ፣ ላጪኝ» አሏት። ላጨቻቸው። ጉንጫቸውን ዳሰሱና «አባትሽ አልሞተም» አሉ። ሲስቁ የነበሩትም ተራ ያዙ።

ወዳጆቼ፣ ዕቃ በአመድ ይፈተጋል፣ ከሰው እጅም ይገባል። ዕቃውን የሚያውቅ እጅ ግን አይወሰድም፤ ትክክለኛው ውርስም እሱ ነው። እናንተስ ከወላጆቻችሁ የተቀበላችሁት ነገር ከብዙ መሰሎቹ ጋር ቢደባለቅ፣ ትለዩታላችሁ?