ሳሙና ፎቶ ሊያጥብ የተነሣ ዕለት

በሕይወቴ እምላለሁ! ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ እዚሁ እፊታችሁ ክልትው ልበል። በሉ ጆሯችሁን አምጡ፤ እኔ ላውጋ፣ እናንተ «እሺ፣ ከዚያስ?» በሉኝ።

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እመት ሉባባ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ይማም የሚባል ወንድም ነበራቸው። ይማም ካሜራ ካየ ጅብ ያየ አህያ ነው፤ ሰባት ጋራ ካልተሻገረ አይቆምም። አንድ ቀን ቤተ ዘመዱ በሐይቁ ዳር ተሰልፎ ፎቶ ሲነሣ ይማም እንደ ልማዱ ገለል አለ። «እዚህ ድረስ አያገኘኝም» አለ። የዚያን ቀኑ ካሜራ ግን ጉድ ነው! እንደ ሌላው ካሜራ ፊት ለፊቱን ብቻ አያይም፤ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያየው። ሐይቁን፣ ጋራውን፣ ቤተ ዘመዱን፣ የሚግጠውን በሬ፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ ይማምን ጠራርጎ አነሣ። ፊልሙም ረጅም ሆነ፤ ቢዘረጉት ከደሴ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር።

ዘመን ሄደ፤ ይማም ሞተ። ታጥቦ የወጣውን ፎቶ ጎርፍ ወሰደው። የይማም መልክ ያለው እንግዲህ ፊልሙ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን እመት ሉባባ የወንድማቸውን ፊት ቢያስቡት፣ ቢያስቡት፣ አልመጣ አላቸው።

«ዘምዘም!» ብለው ልጃቸውን ተጣሩ። «ድምፁ አለ፤ ፊቱ ጠፋብኝ!»

«አብሽሪ እማ፣ ስካነር አለኝ አይደል?»

ስካነር ማለት ደረቱ መስተዋት የሆነ፣ በሆዱ መብራት ይዞ የሚሄድ፣ ያስተኙበትን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሣጥን ነው። ፊልም የሚይዝለት ጥቁር የፕላስቲክ ማቀፊያ ነበረው። ማቀፊያው መስኮት መስኮት አለው፤ በመስኮቱና በመስኮቱ መሐል አግዳሚ።

ዘምዘም ፊልሙን ከቆርቆሮ ማስቀመጫው አውጥታ ማቀፊያው ውስጥ አስገባችው።

«ሰብሰብ በል» አለ ማቀፊያው።

«የት ልሰብሰብ? ግማሼ ውጭ ቀረ!» አለ ፊልሙ።

«ፎቶ ማለት መስኮቴን የሚያክል ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ነው።»

ስካነሩም «እውነቱን ነው» አለና ዝዝዝዝ አለ። ሐይቁ ወጣ። ቤተ ዘመዱ ወጣ። የበሬ ቂጥ ወጣ። ይማም የለም።

«በሬው ራሱን የት ጣለው?» አለች ዘምዘም።

«በሬው ይቅርብሽ! ወንድሜን!» እመት ሉባባ እየተቀመጡ ይነሣሉ፣ እየተነሡ ይቀመጣሉ። ፊልሙን ቢገፉት፣ ቢስቡት፣ ያ አግዳሚ ዞሮ ዞሮ ይማም ላይ ይጋደማል።

ዘምዘም ተናደደችና ማቀፊያውን አውጥታ ፊልሙን በቀጥታ መስተዋቱ ላይ አደረገችው። ጥቅልል!

«ተኛ!» አለው ስካነሩ።

«መተኛት አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልዬ ነው የኖርኩ።»

አንዱን ጫፍ ሲይዙት ሌላው ይነሣል። ክዳኑን ቢዘጉበት ከውስጥ ይፈራገጣል። ዝዝዝዝ። ይማም ወጣ፤ ግን ምኑ ይማም ነው! ሰውነቱ ጢስ፣ አንገቱ ቀጭኔ።

እመት ሉባባ አዩትና «ይሄማ ጅኒ ነው» አሉ።

«ቆይ፣ የሚጫነው መስተዋት አስቆርጬ ልምጣ» ብላ ዘምዘም ሮጠች። እመት ሉባባ ብቻቸውን ሲንጎራደዱ ቆዩና፣ «ያኔ ፎቶ ቤቱ አጥቦ ሲሰጠን እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነበር። ምናለ እንደገና ቢታጠብ!» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

ይህችን ቃል፣ ጥግ ካለው ሳፋ አጠገብ የተቀመጠው ሳሙና ሰማት። ወይ ጣጣ! የፎቶ ቤት አጠባ ሌላ፣ የሳፋ አጠባ ሌላ መሆኑን ሳሙና ከየት ይወቀው?

«አይጦ! ሥራ መጣልን!» አለ ጉድጓዷ ውስጥ ላለችው ለቤቱ አይጥ። «ነይ፣ ያንን ፊልም እዪልኝ።»

አይጥ ፊልሙን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። ኔጋቲቭ አይደል፣ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ የሚያሳይ? ፊቱ ሁሉ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ሁሉ ጠቁሯል፣ ጠጉሩ ነጥቷል።

«አቤት እድፍ!» አለ ሳሙና። «ይሄ ቤተ ዘመድ ከተወለደ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ጥርሳቸውን አየሽው? ፍትግ ፍትግ አድርጌ እንደ ነጠላ አነጣቸዋለሁ!»

«ለእኔስ ምን አለኝ?»

«ጥጌን ትነክሻለሽ።»

«አሁን?»

«ከሥራ በኋላ!»

አይጥ ባዶውን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ጎተተች። ፊልሙ «ልቀቂኝ! ሳሙና የፈተገኝ እንደሆነ ሥዕሌ ተልጦ ይሄዳል! ይማም በቦይ ይሄዳል!» እያለ ቢጮህ ማን ሰምቶት! ንጹሕ ውሃ ወደሞላው ሳፋ ወረወረችው። ጨልፍ! ገባ። ገብቶም ተዘረጋ። ለካ ውሃው ሰውነቱን አላልቶለት ነው።

«ኧረ ይሄስ ደስ ይላል» አለ ቀስ ብሎ።

ሳሙና በሳፋው አፍ ላይ ቆሞ «መጣሁ!» ብሎ ሊዘል ሲል አይጥ ጥጉን ነከሰችው።

«ሥራው ይቅደም እንጂ!»

«ሆዴ ይቅደም!»

«ከሥራ በኋላ ተባብለናል!»

«ሳልበላ በምን ጉልበቴ ልሥራ?»

ጭቅጭቁ ወልድያ ድረስ ተሰማ፤ የወልድያ ውሻ ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። እመት ሉባባ ሮጠው ገቡ፤ ሳፋውን አዩ።

«ኡኡ! ወንድሜን አሰጠሙት!»

ዘምዘም መስተዋቷን ታቅፋ ስትደርስ ሳሙናና አይጥ አልጋ ሥር ገብተዋል፤ እናቷ ፊልሙን በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ይዘው ውሃውን ያንጠፈጥፋሉ።

የልብስ መቆንጠጫዎቹ ከጓሮው ገመድ ላይ ሆነው «ወዲህ ስጡን!» አሉ። አንዱ ከላይ ያዘው፤ አንዱ ከታች ተንጠለጠለበት። ፊልሙ ልማዱ መጥቶበት ሊጠቀለል ሞከረ።

«እኔ ተንጠልጥዬ አንተ ወዴት ትጠቀለላለህ?» አለው የታችኛው።

እመት ሉባባ አጠገቡ ቆመው አቧራ ይዞ የመጣውን ነፋስ ተቆጡት፤ «አንተ ባለጌ፣ ወዲያ ሂድ!» ነፋስም አፍሮ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ፊልሙ ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ደረቀ።

አሁን ዘምዘም መስተዋቱ ላይ አጋደመችው። ተኛ! ያስቆረጠችውን መስተዋት እንኳ አልፈለገም። የከተማውም መብራት ብልጭ ሳይል፣ ድርግም ሳይል፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጠበቃቸው። ስካነሩ ሄደ፣ ሄደ፣ የለመደው ልክ ላይ ሲደርስ ግትር ብሎ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለች ዘምዘም።

«ጨረስኩ። ከዚህ ወዲያ ፎቶ የለም።»

እመት ሉባባ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ከዚያ ወዲያ ወንድሜ አለ!»

ስካነሩ ደነገጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ዘምዘም ኮምፒውተሩ ላይ ስካነሩ የሚቆምበትን የልክ መስመር ይዛ ሳበችው፤ አሁንም ሳበችው፤ እስከ ጠርዝ። ዝዝዝዝዝዝ።

ኮምፒውተሩ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ገለበጠው። ሳሙና በተቆረጠመ ጥጉ ከአልጋ ሥር ብቅ ብሎ «ያለ እኔ እንዴት ነጡ?» አለ።

በጠርዙ ላይ ይማም ቆሟል። አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፤ ሊሄድ ነው። ፊቱን ግን ወደ ቤተ ዘመዱ መለስ አድርጎ ይስቃል፤ ያመለጠ መስሎት።

ሲንጎራደዱ የዋሉት እመት ሉባባ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። ጣታቸውን ወደ ጉንጩ አስጠጉ።

«አገኘሁህ» አሉ። «አንተ ሌባ፣ አገኘሁህ።»

እንግዲህ ሰው ከልኩ ቢያልፍባችሁ ልኩን ሳቡት እንጂ ሰውዬውን አትቁረጡት፤ ነገሬ ይኸው ነው።

ምን ታዩኛላችሁ? ሳሙናው ተናግሯል፣ አይጧ ተከራክራለች፣ ነፋሱም አፍሯል። እሺ፣ እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ መብራቱ አልጠፋም ያልኳችሁን።