የእትዬ ይታክቱ ጣሪያ

አዳምጡኝማ፣ እሺ እያላችሁ አዳምጡኝ። ካቋረጣችሁኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ነገሩም ራሱ እንደዚያ ነው፣ በደረሰበት ሁሉ ከመጀመሪያው የሚጀምር።

እትዬ ይታክቱ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያጠራቀሟትን ሁሉ አፍስሰው ግቢያቸው ውስጥ የሚከራይ ሦስት ክፍል ቤት ጀመሩ። እንጨቱ ቆመ፣ ጭቃው ተመረገ፣ ገንዘቡ አለቀ። ጣሪያው ቀረ። ግንቦት ደግሞ እያለቀ ነው፤ ያልተከደነ የጭቃ ግድግዳ የክረምት ዝናብ አይችልም። ሁለት ሳምንት ቢዘንብበት የሠላሳ ዓመት ልፋታቸው ታጥቦ ይሄዳል። እሳቸው የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ለአንዷ ክፍል ብቻ ጣሪያ።

አናጺውን ደምለውን ጣሪያ ምታልኝ አሉት። ደምለው ቆርቆሮ ሳላይ አልመታም አለ። አይፈረድበትም፣ ምስማሩን ምን ላይ ይምታው?

ወደ ቆርቆሮ ነጋዴው ወደ ሐጂ ይማም ሄዱ። ሐጂ፣ ቆርቆሮ ይስጡኝ፤ ደምለው ቆርቆሮ ሳላይ አልመታም ብሏል፤ ጣሪያዬ ቀርቷል፤ ሰኔ ደርሷል አሏቸው። ሐጂ ይማም ግድግዳው ላይ የለጠፉትን፣ ዱቤ ወስደው የጠፉ ሰዎችን ስም አሳዩዋቸው። ገንዘብ ሳልይዝ ቆርቆሮ አልሰጥም አሉ። አዝነውላቸዋል፤ ወንበርም ሰጥተዋቸዋል፣ ቆርቆሮ ነው ያልሰጧቸው።

ወደ ብድርና ቁጠባው ሄዱ። እዚያ ወይንሸት የምትባል ሠራተኛ አለች፣ እናቷ ከእትዬ ይታክቱ ጋር አንሶላ ያጥቡ ነበር። ልጄ፣ ገንዘብ አበድሪኝ፤ ሐጂ ገንዘብ ሳልይዝ ቆርቆሮ አልሰጥም ብለዋል፤ ደምለው ቆርቆሮ ሳላይ አልመታም ብሏል፤ ጣሪያዬ ቀርቷል፤ ሰኔ ደርሷል አሏት። ወይንሸት አንገቷን ደፋች። የቤቱን ካርታ በመያዣነት ሳልይዝ ገንዘብ አልሰጥም አለች።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ፣ ካርታ ወደሚሰጡት ወደ አቶ ፈለቀ። ጌታዬ፣ ካርታ ይስጡኝ፤ ወይንሸት ካርታ ሳልይዝ ገንዘብ አልሰጥም ብላለች፤ ሐጂ ገንዘብ ሳልይዝ ቆርቆሮ አልሰጥም ብለዋል፤ ደምለው ቆርቆሮ ሳላይ አልመታም ብሏል፤ ጣሪያዬ ቀርቷል፤ ሰኔ ደርሷል አሏቸው። አቶ ፈለቀ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ ጣሪያ የሌለውን ቤት ብዬ አልለካም፤ ጣሪያ ሳላይ ካርታ አልሰጥም አሉ። ደህና አናጺ እንዲፈልጉም መከሯቸው።

አያችሁልኝ? ከጣሪያ ተነስተው ዞረው ዞረው ጣሪያ ላይ ደረሱ። ከአራቱ አንዳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ አንድ ክፉ ቢኖር ረግሜው እገላገል ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ሰማዩ አጉረመረመ። እትዬ ይታክቱ ግድግዳቸውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ገና አልደረቀም። እሑድ ነበርና የእድር ስብሰባ አለ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጋቱ ጉዳዩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እድር ይቀብራል እንጂ ቤት አይሠራም፤ ሞት ሳይሰማ አይከፍልም አሉ። እትዬ ይታክቱ ግን አልተቀመጡም።

«ጋሽ ንጋቱ፣ አቶ ፈለቀ ጣሪያ ሳላይ ካርታ አልሰጥም ብለዋል፤ ወይንሸት ካርታ ሳልይዝ ገንዘብ አልሰጥም ብላለች፤ ሐጂ ገንዘብ ሳልይዝ ቆርቆሮ አልሰጥም ብለዋል፤ ደምለው ቆርቆሮ ሳላይ አልመታም ብሏል፤ ጣሪያዬ ቀርቷል፤ ሰኔ ደርሷል። እናንተም ሞት ሳንሰማ አንከፍልም ካላችሁ፣ እሺ፣ ሞቻለሁ። ለቀብሬ የምታወጡትን ዛሬ ስጡኝና መዝገቡ ላይ ሞታለች ብላችሁ ጻፉ። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ጡሩምባ አታስነፉልኝ፣ ድንኳን አትትከሉልኝ። በነጠላዬ ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ።»

በዚያ እድር ውስጥ የራሱን ሞት ቆሞ የጠየቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መዝገቡን ገለጡና ከእትዬ ይታክቱ ስም ጎን «ሞተዋል» ብለው ጻፉ።

እድሩ ሞት ሰማና ከፈለ፤ ሐጂ ይማም ገንዘብ ያዙና ቆርቆሮ ሰጡ፤ ደምለው ቆርቆሮ አየና መታ፤ የአንዷ ክፍል ጣሪያ ወጣ። ሞት ከተጻፈ ደግሞ ድንኳን ይወጣል፣ የእድሩ ወግ ነው። ድንኳኑን አምጥተው በቀሩት ሁለት ክፍሎች ላይ ወጠሩት። በመንገድ የምታልፍ አንዲት ጎረቤት ድንኳኑን አይታ እያለቀሰች ገባች። ማን ሞተ ብትል፣ እትዬ ይታክቱ ጭቃ በእጃቸው እንደያዙ እኔ ነኝ አሏት።

አቶ ፈለቀ ጣሪያ አዩና ካርታ ሰጡ፤ ወይንሸት ካርታ ያዘችና ገንዘብ ሰጠች፤ ሐጂ ገንዘብ ያዙና ቆርቆሮ ሰጡ፤ ደምለው ቆርቆሮ አየና መታ፤ የሦስቱም ክፍል ጣሪያ ወጣ። ሰኔም ደረሰ፣ ዘነበ፣ ግድግዳው ቆሞ አደረ።

ቤቱ ተከራየ። እትዬ ይታክቱ በየወሩ ከኪራዩ ብድራቸውን ከፍለው የተረፈችውን ያስቀምጣሉ። በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ወደ እድሩ ስብሰባ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ገንዘባችሁን ተቀበሉኝ። ሞቴን መልሱልኝ።»

ጋሽ ንጋቱ መዝገቡን ገልጠው «ሞተዋል» የሚለውን ሰረዙት። እትዬ ይታክቱ የወሩን መዋጮ ከፈሉና እንደማንኛውም አባል ቦታ ፈልገው ተቀመጡ።

ያዳመጣችሁኝ ሁሉ፣ ቤታችሁ አያፍስስ።