አንዲት ሚኒት፣ ሠላሳ ክንድ ወደ ታች

አንድ ነጋዴ ብዙ ዓመት ከኖረበት ከተማ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ተነሣ። አገሩ ቆላ ነው፤ ወንዙ ከጥር በኋላ አሸዋ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከግድግዳውም ከጣሪያውም በፊት የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበረበት።

ነጋዴው አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ቆሞ ይበላል፣ እየተንጎራደደ ያወራል፣ ደጋግሞ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ከከተማ ካመጣው ሁሉ መንደርተኛው የወደደለት አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነበር። ሰው ሲጠራው «ዋን ሚኒት!» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ባለሱቁም፣ ውሃ ቀጂዋም፣ ግመል ነጂውም «ዋን ሚኒት» ማለት ጀመሩ።

ቆፋሪዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ እንድሪስ፣ ታናሹ አደም። ሙያውን ያስተማራቸው ሽማግሌ፣ አባ ይመር፣ አብሯቸው ይውላል። ግራ እጁ ስለሰለለ ገመድ አይስብም። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀምጦ ዶማ ይስላል፣ ያዳምጣል። ንግግር አያበዛም።

የጉድጓድ ሥራ ሁለት ጥሪ አለው። ከታች «አፈር!» ከተባለ ቅርጫቱ ይሳባል፤ ቢዘገይም ግድ የለም። «ሰው!» ከተባለ ግን ከላይ ያለው በእጁ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይስባል። ጉድጓድ ሲጠልቅ አየሩ ይከብዳልና ቆፋሪው ከአጠገቡ ኩራዝ ያስቀምጣል። ነበልባሉ ሲያንስ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ይጣራል። ከዚህ ሌላ አንድ ደንብ አለ። የወረደው ሲወጣ፣ ገመድ ይዞ የነበረው በተራው ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ላይ የሚውል ሰው የለም።

ጉድጓዱ ሠላሳ ክንድ ሲደርስ ነጋዴው ሰዓቱን እያየ መጣ።

«ትናንት ስምንት ጊዜ ተቀያየራችሁ» አለ። «አንዱ መቀያየር አሥራ ሁለት ሚኒት ፈጀ። አንድ ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ደግሞ እንድሪስ የሚቆፍረው የአደምን እጥፍ ነው። ለምን እሱ ብቻ አይቆፍርም? አደም ገመዱን ይያዝ።»

እንድሪስ ጉልበቱ ሲወደስ ደስ አለው። አደምም ጨለማውን አይወድም ነበርና ገመዱን ያዘ። አባ ይመር «ደንብ አይደለም» አለ። የሰማው አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን አደም ዳቦ እየበላ ሳለ «ሰው!» የሚል ድምፅ መጣ። ዳቦውን አፈር ላይ ወርውሮ ተነሣና ሳበ። በሁለተኛው ቀን ሲጠራ የጎረሰውን ውጦ፣ የቀረውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ዳቦውን ጨርሶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሣ።

«ዳቦህ እየረዘመ ነው» አለው አባ ይመር።

«አባ፣ አንድ ሚኒት ናት!» ብሎ ሳቀ አደም።

ነጋዴው ቆሎ እየቆረጠመ ሰምቷቸው ነበር። ለሽማግሌው ከቆሎው ዘረጋለት።

«አልበላም» አለ አባ ይመር።

«ጥርስዎን ያምዎታል?»

«ጥርሴ ደህና ነው። ይልቅ ያቺ ቃልህ ምን ማለት ናት?»

«ሚኒት? ደቂቃ ማለት ነው። ስልሳ ሰከንድ። ለንጉሥም ስልሳ፣ ለለማኝም ስልሳ።»

«ትርጉሟ ይሄ ነው። አጠቃቀሟን ነው የጠየቅሁህ። ስትላት ምን ለማለት ነው?»

ነጋዴው ወዲያ ወዲህ አለ። «እንግዲህ… ቆይ ለማለት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስክጨርስ።»

«ምኑን?»

«የያዝኩትን ነዋ!»

አባ ይመር ዶማውን ገልብጦ ሌላውን ጎን መሳል ጀመረ። «ስለዚህ ልኳ ያለው በጠሪው እጅ አይደለም፤ በተጠሪው እጅ ነው» አለ።

«እርስዎ ደግሞ ነገር ያከብዳሉ» አለ ነጋዴው፣ ሰዓቱን አየና ሄደ።

በአራተኛው ቀን ዶማው ተሰበረና አባ ይመር ወደ ቀጥቃጭ ቤት ወሰደው። እንድሪስ በሌላ ዶማ ሥራውን ቀጠለ። ነጋዴው በፔርሙዝ ሻይ ይዞ መጣ። ለአደም ቀዳለት፤ ማረፊያው ሲያልቅ እዚያው ሥራ እንደሚሰጠውም ነገረው። አደም ሻዩ ትኩስ ስለነበር በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፣ ወሬው ጥሞታል።

«ሰው!» አለ እንድሪስ ከታች።

«ዋን ሚኒት!» አለ አደም። ነጋዴው አነጋገሩ ስላማረለት ሳቀ።

«ደመወዙ በወር ነው፤ ልብስም አለው» ብሎ ቀጠለ።

«ሰው!»

«መጣሁ!»

ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም። አደም ይህን ያስተዋለው ብርጭቆው ሥር የሻዩ ቅጠል ሲታየው ነው። ተነሥቶ ገመዱ የሚጠቀለልበትን ግንድ ያዘ። ግንዱ እንቢ አለው። ሌላ ጊዜ እንድሪስ በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ ራሱን ያግዝ ነበር፤ አሁን እንደ እርጥብ ጭቃ ከብዷል። ነጋዴው ብርጭቆውን ጥሎ አገዘው። ሁለቱ እያለከለኩ ሳቡት። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ወጣ።

አደም ወንድሙን ጥላው ሥር አስተኛው፤ ፊቱ ላይ ውሃ ረጨ፣ ደረቱን አሸ፣ ስሙን ጠራ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንድሪስ ሳለና ተነፈሰ። አደም አጠገቡ ቁጭ አለ።

«አራት ሚኒት ነው» አለ ነጋዴው ሰዓቱን እያየ። «ከአራት አይበልጥም።»

«ሻዩን ልጨርስ ብዬ ነው» አለ አደም። «አንዲት ሚኒት ነበር የመሰለችኝ፣ ወንድሜ።»

«እኔ ቆጥሬያታለሁ» አለ እንድሪስ ሰማዩን እያየ። «እንዳልተኛ ብዬ የልጆቼን ስም ከትልቋ ጀምሬ ጠራሁ። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በአራተኛው የትንሿ ስም ጠፋኝ። ስፈልገው ኩራዙ ጠፋ።»

አደም ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከሦስት ቀን በኋላ አደም «ዛሬ እኔ ነኝ የምወርደው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም» አለ። እንድሪስ ለመውረድ ገና አቅም ስላልነበረው ገመዱን ያዘ። እንድሪስ በመጀመሪያው ቀን አደም በጠራው ቁጥር እየዘለለ ሳበ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ ሳለ ከታች «ሰው!» ተባለ።

እንድሪስ አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረገ። ከዚያ ሌላ ጨመረ።

ጣሳው ገና ከከንፈሩ ሳይነሣ የራሱ ጥሪ ትዝ አለው። ጣሳውን ሜዳው ላይ ወረወረና ግንዱን ያዘ።

አደም ሲወጣ «ፈጠንክልኝ» አለው።

«አልፈጠንኩም» አለ እንድሪስ። ወደ አባ ይመር ዞረ። «አባ፣ ልሞት የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሁለት ጉንጭ ውሃ ጠጣሁበት።»

«ላይ ስትውል ሁለተኛ ቀንህ ነው» አለ አባ ይመር። «ነገ አንተ ውረድ።»

ከዚያን ቀን በኋላ አባ ይመር በደከመው ላይ ሳይጭን በየተራው አቀያየራቸው። ነጋዴው ያን ቀን ንግግራቸውን ቆሞ ይሰማ ነበር። አሁን ሰዓቱን አላየም። «አባቴ፣ ከልቡ የሚታመን አንድ ሰው ፈልገን ላይ ብናስቀምጥስ?» አለ። «ለምሳሌ እርስዎን፤ ገመዱን ሌላ ይስባል፣ እርስዎ ጥሪውን ያዳምጣሉ።»

«እኔን?» አለ አባ ይመር። «በጉርምስናዬ ገመድ ይዤ ነበር። ቀኑን ሙሉ ላይ ዋልኩ። ጓደኛዬ ጠራኝ። ቆሎ እፍኝ ሙሉ ይዤ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲህ ቆሎ አልበላም።»

ውሃው በአርባ ሁለት ክንድ ላይ ወጣ። ነጋዴው ያሰበው ቀን አለፈ፤ መቀያየሩ ግን እስከ መጨረሻው ቅርጫት አልቀረም።

ነጋዴው ስለ ሚኒት አልዋሸም፤ ለሁሉም ስልሳ ሰከንድ ናት። «አንድ ደቂቃ» ስንል ግን የምንለካው የራሳችንን ጉርሻ እንጂ የጠሪውን ትንፋሽ አይደለም። እንድሪስን ያዘገየው ጠላቱ አልነበረም፤ የሚወደው ወንድሙ ነው። ሞትን ያየው እንድሪስም ከጉድጓዱ አፍ ሁለት ቀን ሲውል ረሳ። ስለዚህ ያ የመቀያየር ደንብ የተሠራው ለክፉ ሰዎች አይደለም፤ ለእኛ ነው።

አንተስ፣ ዛሬ «አንድ ደቂቃ» ያልከው ማንን ነው? ገመዱን አስሮ ይሆን የጠራህ? ያን ጊዜ በእጅህ ምን ነበር?