የወይናምባ ሸማኔዎችና አጭሩ ቀን

«ተረት ተረት!»

«እማማ፣ ጆሯችን ካንቺ ጋር ነው!»

ድምፃችሁ ደከም ብሏል። ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ እንደዋላችሁ አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል። በሉ ጠጋ በሉና ደክሟቸው ስለነበሩ ሰዎች ልንገራችሁ።

በድሮ ዘመን ወይናምባ የምትባል ከተማ ነበረች። ዙሪያዋ በድንጋይ የታጠረ፣ በሯም አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ነጋሪት ይመታና በሩ ይከፈታል። ፀሐይ ስትጠልቅም ነጋሪት ይመታና ይዘጋል። ሰዉም ሥራ የሚጀምረውና የሚያቆመው በዚያው ነጋሪት ነበር። ከተማዋ የሸማኔ ከተማ ናትና ቤቱ ሁሉ ጥጥ ነው። እሳት ስለሚፈሩ በኩራዝ መሥራት ክልክል ነበር።

በዚያች ከተማ አትርሳው የሚባል ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። እሷ ትፈትላለች፤ እሱ ይሸምናል። ልጅ አልነበራቸውም። የአትርሳው እጅ ፈጣን ነበረና በከተማው ሁሉ የታወቀ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ አዲስ ሹም መጣ። አዛዥ ዓይነኩሉ ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ያልተለካ ነገር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። እናም ጠየቀ፦ «ሸማኔ በቀን ስንት ክንድ ይሸምናል?»

ማንም አላወቀም። እንደ እጁ፣ እንደ ጤናው ነበር ሁሉም የሚሸምነው።

ሹሙም «እንግዲያው እኔ አያለሁ» አለና በማለዳ አትርሳው ቤት መጣ። ነጋሪቱ ሲመታ፣ አትርሳው እግሩን አስገብቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ገና አልገባም ነበርና ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አትርሳው ፈትል የያዘውን መወርወሪያውን አነሣ። ከዚያም ወረወረ፣ ቀለበ፣ ወረወረ፣ ቀለበ። ለምሳ እንኳን አልወጣም። የማታው ነጋሪት ሲመታ ተለካ። ዘጠኝ ክንድ ሆነ።

ሹሙ ከሄደ በኋላ እንጉዳይ፦ «ምነው እንዲያ ሮጥክ?» አለችው።

እሱም፦ «እንጃ። ሹም አጠገቤ ሲቀመጥ እጄ አልቆም አለኝ» አላት። ደስ ብሎት ነበር፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በማግስቱ ግን አዋጅ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የሸማኔ የቀን ሥራ ዘጠኝ ክንድ ነው! ሦስት ቀን በተከታታይ ያጎደለ መወርወሪያውን ይነጠቃል!»

መወርወሪያ የሌለው ሸማኔ እንግዲህ ምን ይሠራል? ምንም።

ክረምቱ ገባ። ቤቱ ጨለመ፣ ጉድጓዱ ረጠበ፣ ዓይን ደከመ። ሆኖም ሸማኔዎቹ እየተንገዳገዱም ቢሆን ዘጠኝ ክንድ ያደርሱ ነበር። ሰዉም፦ «መስከረም ይጥባ እንጂ፣ ፀሐይ ትውጣ እንጂ፣ ያኔ ይቀለናል» ይል ነበር።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ወጣች። ጥቅምት ላይ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ያልጠበቁት ሆነ። የማታው ነጋሪት ሲመታ አንዱ ስምንት ክንድ ተኩል ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ስምንት ክንድ ከአራት ጣት ላይ። ኅዳር ሲመጣ ባሰ። ታኅሣሥ ሲመጣ ጭራሽ ባሰ። ሚስቶች እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያጎርሷቸው ጀመር። አሁንም አልሞላ አለ።

አባ ደርሰህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአትርሳው ጎረቤት። አንድ ቀን አጎደሉ። በሁለተኛውም አጎደሉ። በሦስተኛው ቀን የሹሙ ሰዎች መጡና መወርወሪያቸውን ከእጃቸው ወሰዱ። አባ ደርሰህ አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ከከተማው ወጡ። ልጃቸው የተዳረችበት መንደር ሄዱ። ከእሳቸው በኋላም ሌሎች ስድስት ሰዎች ተነጠቁ።

ያን ጊዜ ሰዉ በአትርሳው ላይ ፊቱን አዞረ። ሰላምታ ነሣው። አንዲት ሴት ምንጭ ላይ እንጉዳይን አገኘቻትና፦ «ባልሽ ለሹም ሲሮጥ እኛን ገደለን» አለቻት።

እንጉዳይ ውኃዋን አዝላ ወደ ቤቷ መጣች። ተቀመጠችና እንዝርቷን አነሣች። እየፈተለች ሰፌዱን አየችው። ሰኔ ላይ በቀን የምትፈትለው ልቃቂት ሰፌዱን ይሞላው ነበር። አሁን ግን ዳር ዳሩ ባዶ ነው።

ለባሏ፦ «እኔም አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለችው።

«እኔም» አላት።

ከዚያም ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷም «የኔም ጎድሏል» አለች። ሌላዋን ጠየቀች። ያቺም እንደዚያው አለች። ከሌላዋ ቤት ደግሞ አዲስ ሙሽራ አለች፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷም «ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የኔም አይሞላም» አለች።

እንጉዳይ ማታ ለባሏ፦ «እንዴት ነው? የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ?» አለችው።

አትርሳው ትከሻውን እያሸ ቀና ብሎ አያት።

እሷም፦ «እኛ አይደለንም የቀነስነው። ቀኑ ነው የቀነሰው» አለች።

አትርሳው ሳቀ። የደከመው ሰው ሳቅ። «ፀሐይዋ እንዲህ እያቃጠለች፣ ቀኑ ቀነሰ ብትያቸው ማን ያምንሻል?» አላት።

እንጉዳይ ግን አሰበች። ቀኑን የሚለካ የማይደክም ነገር ያስፈልጋል አለች። የማይታመም፣ የማያረጅ፣ ለሹም ብሎ የማይሮጥ። ከዚያም ቤቷ ውስጥ አንዲት ሥሯ የተነደለች እንስራ ነበረቻት። ያቺን አወጣችና ከፍ ባሉ ሦስት ድንጋዮች ላይ አስቀመጠቻት፤ ከሥሯም ባዶ ጋን አደረገች።

ቀኑ የታኅሣሥ ሚካኤል ነበር። በዓል ነውና አይፈተልም። የጠዋቱ ነጋሪት ሲመታ እንስራዋን ሞላች። ውኃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እንስራዋ እንዳትጎድል ቀኑን ሙሉ እየጨመረች ዋለች። የማታው ነጋሪት ሲመታ ጋኑን አነሣችው። ሸምበቆ ነከረችበትና ውኃው የደረሰበትን በቢላ ጫረች።

በጥር ሚካኤል እንደገና ለካች። ውኃው ከጭረቱ ትንሽ ከፍ አለ። በየካቲት አሁንም ከፍ አለ። በየወሩ በሚካኤል ዕለት ውኃ ትቀዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ትጭራለች። ሰዉ «ውኃ ጠባቂዋ» እያለ ይስቅባት ጀመር። በዓሉን ሁሉ ሌላው ሲያርፍ እሷ ስትቀዳ ትውላለች። ወገቧ ተቆረጠ። አትርሳውም፦ «ይቅርብሽ፣ እባክሽ። አንቺም ከሞትሽብኝ ምን እሆናለሁ?» ይላታል።

እሷም፦ «ሰኔ ላይ አቆማለሁ» ትለዋለች።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ለካች። ውኃው ከታኅሣሡ ጭረት አራት ጣት ከፍ ብሎ ተገኘ። እንጉዳይ ሸምበቆዋን ይዛ ሹሙ ፊት ቀረበች።

ሁሉን ነገረችው። አዛዥ ዓይነኩሉም አዳመጣትና፦ «ሴትዮ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ትወጣለች። በሐምሌ ግን ሳምንቱን ሙሉ አትታይም። እንዴት ነው ታዲያ የክረምቱ ቀን ረዘመ የምትይኝ?» አላት።

«ጌታዬ፣ ክረምት ላይ ፀሐይዋ ከደመናው ኋላ ሆና በጧት ትመጣለች፤ አምሽታ ትሄዳለች። በበጋ ደግሞ ደምቃ ትውላለች፤ ግን ዘግይታ መጥታ ቶሎ ትሄዳለች። እኛ ድምቀቷን አይተን ተታለልን። እርስዎ የለኩት በዓመቱ በረጅሙ ቀን ነው» አለችው።

ሹሙ ሸምበቆውን ተቀብሎ አገላበጠው። «እጅሽ የጫረውን አልቀበልም» አለ። «እንስራውና ጋኑ እኔ ግቢ ይምጡ። ሰዎቼ ይለኩ። እስከ ታኅሣሥ እንይ።»

«እስከዚያስ ዘጠኙ ክንድ?»

«ሳላይ አልሽርም። ይቆያል።»

እንጉዳይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። አትርሳው ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሌላ ግማሽ ዓመት» አለችው።

«ግማሽ ዓመት» አላት።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ቀኑ እንደገና ሸሸ። አትርሳው ዓይኑ ያነባ ጀመር፤ ትከሻውም አልነሣ ይለው ጀመር። ያ ፈጣን እጁ አልታዘዝ አለ። በታኅሣሥ አሥረኛው ቀን አጎደለ። በአሥራ አንደኛውም አጎደለ። ማግስቱ ሚካኤል ነው፤ ሥራ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ሦስተኛው ነበር።

እንጉዳይ ያን የሚካኤል ዕለት በሹሙ ግቢ አጥር ሥር ቁጭ ብላ ዋለች። አዛዥ ዓይነኩሉ ራሱ በርጩማውን አስመጥቶ ከጋኑ አጠገብ ተቀምጧል። ውኃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሹሙ ከቦታው አልተነሣም። የማታው ነጋሪት ሲመታ ሸምበቆውን በገዛ እጁ ነከረ። አወጣው። በሰኔ ሰዎቹ የጫሩትን አየና ውኃው ያራሰውን አየ። አራት ጣት ጎድሏል።

ነጋሪት መቺውን አስጠራና፦ «ቸኩለህ ነው የመታኸው?» አለው።

«ኧረ ጌታዬ! ፀሐይዋ ስትጠልቅ ነው የመታሁት።»

ሹሙ ሸምበቆውን እንደገና ነከረና ለካ። በመጨረሻም፦ «ውኃ አይለግምም» አለ። ወደ እንጉዳይ ዞሮም፦ «አጥፍቻለሁ» አላት። ሹም እንዲህ ሲል እሷ ሰምታ አታውቅም ነበር።

በዚያው ምሽት አዋጅ ወጣ። የሰኔ ቀን ዘጠኝ ክንድ፣ የታኅሣሥ ቀን ስምንት ክንድ፣ በመሀል ያሉት ወራት ሸምበቆው እንዳለው ይሁን ተባለ። የተነጠቁት መወርወሪያዎችም ይመለሱ፣ ያለፈው ጉድለትም አይቆጠር ተባለ።

በማግስቱ አትርሳው ሥራ አልገባም። የአባ ደርሰህን መወርወሪያ ይዞ በሩ እንደተከፈተ ወጣና እሳቸው ያሉበት መንደር ደረሰ። አባ ደርሰህ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመና ሁሉን ነገራቸው።

ሽማግሌው መወርወሪያውን ተቀብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እንግዲህ ቀኑ ነው ያጠረው ማለት ነው? እኔ አልነበርኩም?» አሉት።

«አዎ አባ። እርስዎ አልነበሩም።»

«ዓመቱን ሙሉ ሰነፍኩ እያልኩ ነው የተኛሁት እኮ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

አትርሳውም፦ «ያን ቀን ባልሮጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይማሩኝ» አለ።

«ሹም አጠገቤ ቢቀመጥ እኔም እሮጥ ነበር። እግዜር ይማርህ።»

«እንግዲያው ይነሡ፣ አብረን እንመለስ።»

አባ ደርሰህ ራሳቸውን ነቀነቁ። መወርወሪያውን መልሰው በእጁ አስያዙት። «ለሚሠራ ሰው ስጠው። እኔስ ደክሞኛል ልጄ» አሉት።

አትርሳው ወደ ከተማው ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እንጉዳይ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። «ምን አሉ?» አለችው። ያሉትን ነገራት። ከዚያም ቁርበቱን አነጠፈችና፦ «በል ጋደም እንበል» አለችው። ጎረቤቶቻቸው በዚያ ሲያልፉ ሁለቱን ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኝተው አዩዋቸው። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። ሰዉም እንዳይነቁበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አለፈ።

ተረቴ እዚህ ጋ ዐረፈች፤ እኔ ግን ባዶ አፌን ቀረሁ። እስቲ ከዚያ ዳቦ ቆረስ አድርጋችሁ የባልቴቷን ጉንጭ ሙሉላት።